ብክለትን ከምንጩ መያዝ፦ ከቤት እስከ ወንዝ ዳር የሚያገለግል መመሪያ

ለብዙ ዓመታት የቤታችንን ቆሻሻ ግቢ ውስጥ ሰብስቤ አቃጥል ነበር። ቅጠሉን፣ ወረቀቱን፣ ፌስታሉን፣ የተሰበረ የፕላስቲክ ባልዲ ሳይቀር። ግቢው ጽድት ሲል ደስ ይለኛል። ቆሻሻው የጠፋ ይመስለኝ ነበር። አልጠፋም። ቦታ ነው የቀየረው። መሬት ላይ የነበረው በጭስ መልክ ወደ ሳንባችን ገባ። አመዱ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ወደ አፈሩና ወደ ውኃው ወረደ።

ይህን ከተረዳሁ ወዲህ ስለ ብክለት ሳስብ መጀመሪያ የምፈልገው ምንጩን ነው። ፌስታል በእጃችን እያለ አንድ ዕቃ ነው፤ አጥፈን እናስቀምጠዋለን። ከተቃጠለ በኋላ ግን ማን መልሶ ይሰበስበዋል?

ለዚህ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ ጥሩው የቤንዚን ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሞተር እንዳያንኳኳ ተብሎ ሊድ የተባለውን ብረት ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀመረ። ሊዱ ከጭስ ማውጫ እየወጣ መንገድ ዳር ባለው አፈር ላይ ተከማቸ። በልጆች ደም ውስጥም ገባ። መፍትሔው የከተማን አየር ማጣራት አልነበረም፤ ያ አይቻልም። መፍትሔው ሊዱን ከቤንዚኑ ማስወጣት ነበር። አገሮች አንድ በአንድ አቆሙ፤ መጨረሻ ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 አልጄሪያ ለመኪና መሸጡን አቆመች። በቤታችንም ልንሠራ የምንችለው ይህንኑ ነው።

ደረጃ 1፦ ለአንድ ሳምንት መዝግቡ

ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ደብተር ያዙ። ገጹን በሦስት ክፈሉት። በመጀመሪያው ከቤታችሁ የሚወጣውን ነገር ጻፉ። በሁለተኛው በየት በኩል እንደሚወጣ፣ በሦስተኛው ማን ጋ እንደሚደርስ።

ለምሳሌ፦ የማብሰያ ጭስ፣ በበሩ በኩል፣ ከሁሉ በፊት ለምታበስለው ሰውና አጠገቧ ለሚጫወተው ሕፃን። የልብስ ማጠቢያ ውኃ፣ በቦዩ በኩል፣ ታች ላሉት ጎረቤቶች። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ ከቆሻሻው ጋር፣ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። «አይታወቅም» ብላችሁ የጻፋችሁበት መስመር ካለ ከስሩ አስምሩበት። ብዙ ጊዜ ትልቁ ችግር እሱ ጋ ነው ያለው።

ቆሻሻውን በየቀኑ መዝኑት። የኩሽና ትርፍራፊውን ለብቻ፣ ሌላውን ለብቻ። ቀላል ሚዛን ይበቃል። ሚዛን ከሌለ ስንት ባልዲ እንደሞላ ቁጠሩ። ከዚያ የኩሽናውን ጣሪያና ግድግዳ ቀና ብላችሁ እዩ። ጥላሸት ካለ ያው ጥላሸት ሳንባ ውስጥም አለ። የፍሳሹን ቱቦ ደግሞ እስከ መጨረሻው ተከተሉት። የራሱ ቤት ፍሳሽ የት እንደሚደርስ የማያውቅ ሰው ብዙ ነው።

ደረጃ 2፦ ጭሱን ቀንሱ

ከጭስ የምጀምረው ያለምክንያት አይደለም። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ የአየር ብክለት ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ዋናው ገዳይ ፒኤም 2.5 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ ነው። መጠኑ ከሰው ፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ያህል ያንሳል። ስለዚህ አፍንጫ አያስቀረውም፤ እስከ ሳንባ ጥግ ይዘልቃል፣ ከዚያም ወደ ደም ይገባል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለው መመሪያ የዓመቱ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። እንጨት የሚነድበት ጠባብ ኩሽና ውስጥ ያለው መጠን ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ወደ ኤሌክትሪክ ወይም ወደ ጋዝ መቀየር የምትችሉ ከሆነ እሱን አስቀድሙ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያንን አይተካም። ካልቻላችሁ ግን ዛሬ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ።

እንጨቱን አድርቁ። እርጥብ እንጨት ጭስ እንጂ ሙቀት አይሰጥም፤ እሳቱ ጉልበቱን የሚጨርሰው ውኃውን በማትነን ነው። በቀጭኑ ፍለጡት፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩት፣ ከላይ ዝናብ እንዳይነካው ሸፍኑት፣ ጎኑን ለንፋስ ክፍት ተዉት። ስድስት ወር ቢቆይ ጥሩ ነው። ሁለት ፍልጥ ስታጋጩ ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጡ ገና ናቸው። ጥርት ያለ «ቋ» ካሉ ደርቀዋል።

ለጭሱ መውጫ አብጁለት። ጭስ ሞቃት ስለሆነ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ዝቅ ያለ መስኮት ብቻውን አይበቃም። ከጣሪያው ሥር ክፍት ቦታ ይኑር፣ ከታች ደግሞ ንጹሕ አየር የሚገባበት። የጭስ ማውጫ ቱቦ ካስገባችሁ ጫፉ ከጣሪያው በላይ ይውጣ። ጥላሸቱን በየጊዜው ጥረጉት፤ የታፈነ ቱቦ ከሌለ አይሻልም። ድስቱን ክደኑ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ቶሎ የበሰለ ድስት ጭሱም አጭር ነው።

አንድ ነገር በጥብቅ ልበል። ከሰል አያጨስም ተብሎ ዝግ ክፍል ውስጥ አይገባም። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ሰው ተኝቶ እያለ ይገድላል። ሌሊት ክፍሉን ለማሞቅ ብላችሁ ከሰል አታስገቡ፣ በጭራሽ።

ማቃጠሉንም ዛሬውኑ አቁሙ። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ክሎሪን አለበት፤ ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ፣ አንዳንድ የወለል ንጣፍ ከእሱ ይሠራሉ። ግቢ ውስጥ በሚነድ ደካማ እሳት ሲቃጠል ዳዮክሲን የተባለ መርዝ ይፈጠራል። ዳዮክሲን ሣር ላይ ያርፋል፣ ከብት ይበላዋል፣ ስብና ወተት ውስጥ ይጠራቀማል። ሰው ለዳዮክሲን የሚጋለጠው ከ90 በመቶ በላይ በምግብ በኩል ነው። እንግዲህ ጭሱ ወደ ጎረቤት ሄደ ብሎ መገላገል የለም። ዞሮ ማዕዳችን ላይ ይመጣል።

መኪና ወይም ሞተር ያላችሁ የጭሱን ቀለም እዩ። ጥቁር ከሆነ ነዳጁ በደንብ እየነደደ አይደለም፤ የአየር ማጣሪያውንና የነዳጅ መርጫውን አስፈትሹ። ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። ቆማችሁ ሰው ስትጠብቁ ሞተሩን አጥፉት።

ደረጃ 3፦ ቆሻሻ ሳይቀላቀል ለዩ

ሦስት መያዣ አዘጋጁ። አንዱ ለሚበሰብስ፣ አንዱ ለደረቅና ድጋሚ ለሚያገለግል፣ አንዱ ለቀረው። ከእነዚህ ውጭ ልጆች የማይደርሱበት ክዳን ያለው አንድ ሳጥን ይኑር፤ እሱ ለመርዛማ ነገሮች ነው፣ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

የመለየት ሥራ የሚከብደው ከተቀላቀለ በኋላ ነው። ንጹሕ ካርቶን ዋጋ አለው። የበሰበሰ አትክልት ሲፈስበት ግን ካርቶኑም ቆሻሻ ሆነ፣ አትክልቱም ለማዳበሪያ አልሆነ። ስለዚህ መያዣዎቹን ዕቃው ከእጃችሁ በሚወድቅበት ቦታ አስቀምጡ። የሚበሰብሰው መያዣ መክተፊያው አጠገብ ይሁን። ሰው አሥር እርምጃ ሄዶ አይለይም። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ቤተሰቡን ከመቆጣት ባልዲውን ማንቀሳቀስ ይሻላል።

ጠርሙስና ቆርቆሮን ለቅለቅ አድርጋችሁ አድርቁ። በአካባቢያችሁ የሚሰበስብ ሰው ወይም ድርጅት ምን እንደሚቀበል ቀድማችሁ ጠይቁ። ማንም የማይወስደውን ነገር ለይቶ ማከማቸት ድካም ብቻ ነው። ያ ነገር መጀመሪያውኑ ወደ ቤት እንዳይገባ ማድረግ ነው የሚያዋጣው።

ደረጃ 4፦ የሚበሰብሰውን ወደ አፈር መልሱ

በብዙ ቤት ትልቁ የቆሻሻ ክፍል ይህ ነው። ከሌላው ጋር ተጭኖ አየር በሌለበት ሲበሰብስ ሜቴን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ሜቴን በ100 ዓመት ሲሰላ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ያህል ይበረታል። ከቆሻሻ ክምር የሚወርደው ጥቁር ፈሳሽም የከርሰ ምድር ውኃን ይበክላል። ያው ልጣጭ አየር እያገኘ ቢበሰብስ ግን ምርጥ ኮምፖስት ይሆናል።

ጥላ ያለበት፣ ውኃ የማይተኛበት ቦታ ምረጡ። ክምሩ በርዝመት፣ በወርድና በከፍታ አንድ አንድ ሜትር ያህል ቢሆን ሙቀቱን ይይዛል። ከዚያ ያነሰ ክምርም ይበሰብሳል፤ ዘግይቶ እንጂ። ከታች ጭራሮ አንጥፉ፣ አየር እንዲገባ። ከዚያ አንድ እጅ እርጥብ ነገር፣ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ደረቅ ነገር እያፈራረቃችሁ ደርድሩ። እርጥብ ስል የአትክልት ልጣጭ፣ ትኩስ ሣር፣ የከብት ፍግ ማለቴ ነው። ደረቅ ስል ደግሞ የረገፈ ቅጠል፣ ገለባ፣ የተቀዳደደ ካርቶን፣ ሰጋቱራ። ሥጋ፣ ቅባት፣ የውሻና የድመት ዓይነ ምድር አታስገቡ።

እርጥበቱን በእጃችሁ ለኩ። ከመሃሉ እፍኝ ወስዳችሁ ጨምቁ። አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣ ልክ ነው። ውኃ ከፈሰሰ በዝቷል፣ ደረቅ ነገር ጨምሩ። ምንም ካልወጣና ከተበተነ ውኃ አርከፍክፉ።

በጥቂት ቀን ውስጥ መሃሉ ይግላል። እስከ 55 ወይም 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊደርስ ይችላል። እጅ ሲገባ የማያስቆም ከሆነ ጥሩ እየሄደ ነው። ይህ ሙቀት የአረም ዘርንና ብዙ ጀርሞችን ይገድላል። ነገር ግን መሃሉ ብቻ ነው የሚግለው፤ ስለዚህ በሳምንት አንዴ ገልብጡት፣ ውጭ የነበረው ወደ ውስጥ እንዲገባ።

ክምሩ ራሱ ችግሩን ይነግራችኋል። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷል፤ ገልብጡት፣ ቅጠል ጨምሩ። ዓይን የሚያቃጥል የአሞኒያ ሽታ ካለው እርጥቡ በዝቷል። ምንም ሳይሸት ቀዝቅዞ ከተቀመጠ ወይ ደርቋል ወይ እርጥብ ነገር አንሶታል። ዝንብ ከበዛ የኩሽናውን ትርፍራፊ ላዩ ላይ አትድፉ፤ ቆፈር አድርጋችሁ ቅበሩትና ቅጠል አልብሱት።

ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ይደርሳል። መድረሱን ለማወቅ እፍኝ ያህል እርጠብ አድርጋችሁ ዝግ ፌስታል ውስጥ ለሦስት ቀን አስቀምጡ። ስትከፍቱት ከዝናብ በኋላ ያለ የአፈር ሽታ ከሰጠ ተጠቀሙበት። ከገማ ገና ነው። ቦታ የሌላችሁ ቀዳዳ ባለው ክዳናም ባልዲም መሞከር ትችላላችሁ፤ አሠራሩ ያው ነው።

ደረጃ 5፦ ትንሽ ሆነው ብዙ የሚጎዱትን ለብቻ

አሁን ወደ ዝግ ሳጥኑ። ያለቀ ባትሪ፣ ረጃጅም የፍሎረሰንት መብራቶችና ጥምዝምዝ አምፖሎች፣ ሜርኩሪ የተባለ ፈሳሽ ብረት ያለበት ቴርሞሜትር፣ የተረፈ ቀለም፣ የፀረ ተባይ ዕቃ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት፣ የተበላሸ ስልክ እዚያ ይገባሉ።

ሜርኩሪን ቀላል አድርጎ ማየት ምን እንደሚያስከትል ዓለም በሚናማታ አይቶታል። ጃፓን ውስጥ ባለች በዚህች የባሕር ዳርቻ ከተማ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበት ፍሳሽ ወደ ባሕር ይለቅ ነበር። ዓሣው ሰበሰበው፣ ሰው ዓሣውን በላ። በሽታው በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ሰዎች እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸው ደከመ፣ ሕፃናት ገና በማሕፀን ሳሉ ተጎዱ። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሜርኩሪ ስምምነት ስሙን የወሰደው ከዚችው ከተማ ነው።

ቴርሞሜትር ከተሰበረ መጀመሪያ ልጆችንና እንስሳትን አስወጡ። መስኮት ክፈቱ፣ ወደ ሌላ ክፍል የሚወስደውን በር ዝጉ። ቀለበታችሁን አውልቁ፤ ሜርኩሪ ወርቅ ላይ ይጣበቃል። ጓንት አድርጉ። በመጥረጊያ አትጥረጉ፣ ይበታትነዋል። በቫክዩም አትምጠጡ፣ ወደ ትነት ይቀይረዋል። በጠንካራ ካርቶን እንክብሎቹን እየገፋችሁ አንድ ላይ ሰብስቡ፣ በመድኃኒት ማንጠባጠቢያ ምጠጧቸው። ደቃቆቹን በፕላስተር አንሱ። የእጅ ባትሪ ወለሉ ላይ በጎን አብሩ፤ የቀሩት ያብለጨልጫሉ። ሁሉንም ከነካርቶኑ ክዳኑ የሚጠብቅ ብልቃጥ ውስጥ ዝጉ። ወደ ፍሳሽ አትድፉት። የተሰበረ አምፖል ውስጥ ያለው ሜርኩሪ እጅግ ያነሰ ነው፤ አየሩ እስኪወጣ 10 ደቂቃ ከክፍሉ ውጡና በዚሁ መንገድ አጽዱት።

ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት ክዳን ባለው ጀሪካን ይቀመጥ። ከቤንዚንም ከውኃም ጋር አትቀላቅሉት፣ ከተቀላቀለ የሚቀበል አይኖርም። አቧራ እንዳይነሳ ተብሎ መንገድ ላይ የሚደፋው ዘይት ከመጀመሪያው ዝናብ ጋር ወንዝ ይገባል።

የፀረ ተባይ ዕቃ ሲያልቅ ሩቡን ውኃ ሙሉና ለግማሽ ደቂቃ ናጡት። እጣቢውን መልሳችሁ መርጫው ውስጥ ጨምሩት። ይህን ሦስት ጊዜ አድርጉ። ከዚያ ዕቃውን ብሱት። ካልበሳችሁት አንድ ሰው አንስቶ ውኃ ይቀዳበታል፤ እንዲህ ዓይነት ስህተት ሕይወት ያስከፍላል። መድኃኒት ደግሞ ወደ ሽንት ቤት አይደፋም፤ የሚቀበል ፋርማሲ ፈልጉ።

የመኪና ባትሪ ቤት ውስጥ አትፍቱ። ያረጀ የግድግዳ ቀለምም በደረቁ አትፈግፍጉ፤ ሊድ ሊኖርበት ይችላልና እያረጠባችሁ ፈግፍጉት። ለልጅ «ይህን ያህል ሊድ አይጎዳም» የሚባል መጠን የለም።

ደረጃ 6፦ ፍሳሹን አስተካክሉ

ወንዝ የሚሞተው በመርዝ ብቻ አይደለም። በምግብ ብዛትም ይሞታል። ከማዳበሪያ፣ ከፍግ፣ ከሽንት ቤትና ከአንዳንድ ሳሙና የሚመጡት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ውኃ ላይ እንደ አረንጓዴ ሽፋን የሚታየውን አልጌ ያፋፋሉ። አልጌው ሲሞትና ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ዓሣው ታፍኖ ተንሳፍፎ ይገኛል።

ስለዚህ ፎስፌት የሌለበት ሳሙና ምረጡ፣ መጠኑንም ቀንሱ። ድስትን ከማጠባችሁ በፊት ቅባቱን በወረቀት ጥረጉ። የፍሳሹ አፍ ላይ ወንፊት አድርጉ። የልብስ ማጠቢያና የገላ ውኃ ለዛፍ ማጠጫ ሊሆን ይችላል፤ በጥሬው ለሚበላ ቅጠል ግን አይሆንም፣ ከአንድ ቀን በላይም አይጠራቀምም።

የፍሳሽ መስመር ከሌለ የመስረጊያ ጉድጓድ ቆፍራችሁ በድንጋይ ሙሉት። እሱም ሆነ ሽንት ቤቱ ከመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቁ። ወለላቸው በዝናብ ወቅት እንኳ ከከርሰ ምድር ውኃው ቢያንስ 2 ሜትር ከፍ ይበል። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ የውኃ ጉድጓዱ ከላይ በኩል ይሁን። ወንዝ ዳር የምታርሱ ደግሞ ዳርቻውን ጥቂት ሜትር ሣርና ቁጥቋጦ ተዉለት፤ ወደ ውኃው የሚሄደውን አፈርና ማዳበሪያ ያስቀረዋል። ከባድ ዝናብ ሊመጣ ሲል ፍግም ማዳበሪያም አትበትኑ።

ደረጃ 7፦ ምንጩ ከቤት ውጭ ሲሆን

ወንዙ ቀለሙ ተቀየረ፣ ወይም ሸተተ። ብቻችሁን አትሂዱ፣ ውኃውንም በእጃችሁ አትንኩ። ወደ ላይ ተጓዙ። ቀለሙ ወይም ሽታው የሚጠፋበት ቦታ ስትደርሱ ምንጩን አልፋችሁታል። ከዚያ ነጥብ ትንሽ በላይና ትንሽ በታች በሁለት አንድ ዓይነት፣ ንጹሕና ቀለም አልባ ጠርሙስ ውኃ ቅዱ። ጎን ለጎን አቁማችሁ ነጭ ወረቀት ከኋላ አድርጉና ፎቶ አንሱ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የአየሩን ሁኔታ ጻፉ። በተለያዩ ቀናትና ሰዓታት ደጋግሙት። አንዳንድ ፍሳሽ የሚለቀቀው ሌሊት ወይም ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ነው፤ አንድ ፎቶ ይህን አያሳይም።

ከዚያ ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አመልክቱ። ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፣ ግምታችሁን ለብቻው አስቀምጡ። የምትጠይቁትን ግልጽ አድርጉ፤ ናሙና ይወሰድ፣ ውጤቱ ይነገረን፣ እስከ መቼ መልስ እናገኛለን። የደብዳቤውን ቅጂ ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1992 በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ ላይ የወጣው የሪዮ ድንጋጌ ዜጎች የአካባቢ መረጃ እንዲያገኙ ይላል፣ የበከለም ወጪውን ይሸከም ይላል። ብዙ አገሮች ይህን በሕጋቸው አስገብተዋልና የአገራችሁን ሕግ ጠቅሱ። ከአንድ ሰው ይልቅ የአሥር ቤተሰብ ፊርማ ይሰማል።

ስለ ድምፅ ብክለት አጭር ነገር ልጨምር። አንድ ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው መጮህ ካስፈለጋችሁ ድምፁ 85 ዴሲቤል ገደማ ደርሷል። እዚያ ውስጥ ቀን ሙሉ የሚሠራ ሰው የጆሮ መከላከያ ያስፈልገዋል።

ገንዘብ የማታወጡባቸው ነገሮችም አሉ። የቤት ውስጥ ተክል ያማረ ነው፤ አየር ያጸዳል ተብሎ ግን አይገዛም፤ ክፍል ውስጥ ያለው ውጤት ከመስኮት መክፈት ጋር አይወዳደርም። መልካም መዓዛ ያለው ስፕሬይ ሽታ ይሸፍናል እንጂ አያጸዳም፤ እንዲያውም ተጨማሪ ኬሚካል ወደ አየሩ ይለቃል። «ራሱ ይፈርሳል» የሚባለውን ፌስታል ሁሉ አትመኑ። አንዳንዱ ወደ ደቃቅ ፕላስቲክ ነው የሚሰባበረው፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሕግ እንዲህ ዓይነቱን አግዷል።

ደረጃ 8፦ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና መዝኑ

ያንኑ ደብተር አውጡ። ለአንድ ሳምንት እንደ መጀመሪያው መዝግቡ። ኮምፖስት የጀመረ ቤት የሚወጣው ቆሻሻ ክብደት ቀንሶ ማየት አለበት። ካልቀነሰ ባልዲው ቦታው ልክ አይደለም ወይም አንድ ሰው አልገባውም፤ ጠይቁት። የኩሽናውን ግድግዳ አንድ ጥግ መጀመሪያ አጥባችሁ ከነበረ አሁን በነጭ ጨርቅ ጥረጉት፤ ጭሱ ቀንሶ እንደሆነ ጨርቁ ያሳያችኋል። መጀመሪያ ሳምንት «አይታወቅም» ብላችሁ ያሰመራችሁባቸውን መስመሮችም አንድ በአንድ ተመልከቱ። አሁንም መልስ ያላገኘ ካለ ሥራውን ከእሱ ቀጥሉ።